ደባርቅ ለሕፃን ምን አላት? የሚባለውና እውነታው

ከአዳማ ወደ ደባርቅ ሥራ ተቀይሬ ስመጣ ልጄ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። አዳማ ሳለን ከሰዓት በኋላ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ያለው ካፌ እወስዳታለሁ፤ እሷ ትጫወታለች፣ እኔ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ካፌ ፈልጌ አጣሁ። ሰው ስጠይቅ ደግሞ ከጥቆማው ማስጠንቀቂያው በዛብኝ። ገሚሱ ልክ ነው። ገሚሱ ግን ልጅን ቤት አስቆልፎ የሚያስውል ነው።

የሚባለው፦ እዚህ ለሕፃን የሚሆን ቦታ የለም።

እውነታው፦ የሁለት ዓመት ልጅ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ቦታ አትፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፤ ሸርተቴ ግን አላዘዘም። ልጄን በገበያ ቀን ይዣት ወጣሁ። በጉ፣ ዶሮው፣ የተከመረው ድንች ሁሉ ቀረና አንድ አህያ ፊት ተገትራ ቀረች። አህያው ጆሮውን ባነቃነቀ ቁጥር እሷም ራሷን ታነቃንቃለች። ባለ አህያው ገበያውን ረስቶ ይስቃል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ አለፈ፤ አዳማ ላይ ለዚህ ሁሉ ሳቅ ስንት ማኪያቶ እንደከፈልኩ አሰብኩ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ዳባት ብትወርዱ ደግሞ የገብስ አውድማ አለ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ገለባው ላይ ልቀቋት። ማታ ከፀጉሯ ገለባ ስትለቅሙ ታመሻላችሁ፤ እንቅልፏ ግን ለጉድ ነው።

የሚባለው፦ ፀሐይና ነፋስ ላይ የወጣ ልጅ ምች ይመታዋል።

የቤት አከራያችን፣ እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ልጄን በረንዳ ላይ ባዩ ቁጥር፣ «ልጄ፣ ኧረ አስገባት! ምች ይመታታል። የሰዉስ ዓይን መች ያምርና!» ይሉኛል። ከፍቅር ስለሆነ አልከራከራቸውም። ግን ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ ጭስ በታፈነ፣ ሰው በታጨቀበት ቤት ደግሞ ከሜዳ ይልቅ ይመቸዋል።

ይህን ነገር ከልብ የያዝኩት አንድ ጥናት ካነበብኩ በኋላ ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ነው። አዲስ አበባ ላይ በሳንባ ምች ሆስፒታል የገቡ 500 ሕፃናትን የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ የተባለው አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስ በአብዛኛው የሚመጣው ቪታሚን ዲ ሲያንስ ነው፤ ቪታሚኑን ሰውነታችን የሚሠራው ደግሞ ፀሐይ ቆዳ ሲነካ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በምንልባት አገር ልጁን ጠቅልለን ጨለማ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ምቹን ስንሸሽ ለሳንባ ምች እናጋልጠዋለን።

እማማ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ጠዋት እጅና እግሯን ገልጣችሁ አሙቋት፤ እኩለ ቀን ላይ ባርኔጣ አድርጉላት።

የሚባለው፦ ጭላዳ ልጅ ይነጥቃል።

እውነታው፦ ጭላዳ የሚበላው በአብዛኛው ሣር ነው። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ቡይት ራስ ላይ መንጋው ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፤ አጠገቡ ያለው ሲያልቅ እንኳ አይነሳም፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደፊት ይሄዳል። ልጄ ይህን አይታ መሬት ቁጭ አለች፤ ሣር እየነጨች እሷም ተንፏቀቀች። ሱሪው ከዚያ ወዲያ ሱሪ አልሆነም።

ቢሆንም የዱር እንስሳ ነው። ወንዱ ከንፈሩን ወደላይ ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ «ራቁኝ» ማለቱ ነው። ቆሎም ዳቦም አትወርውሩለት። ለመግባት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬት ትቆርጣላችሁ፤ አብሯችሁ የሚሄድ ስካውትም ይመደብላችኋል።

ሁላችንም ጭላዳውን ስንፈራ ገደሉን እንረሳዋለን። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ገደሉ በሚሰጣቸው ውበት ጭምር ነው፤ አፋፉ ላይ ግን አጥር የለም። ሯጭ ልጅ ያለው ሰው ፎቶውን ይተወውና ልጁን ይያዝ።

የሚባለው፦ አበሻን ከፍታ አያመውም።

ይህ መሠረት አለው። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረዋል። ሄሞግሎቢናቸውም ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የሚገርም ነገር ነው፤ ግን የእነሱ ጸጋ ነው። እኔና ልጄ የአዳማ ሰዎች ነን፤ ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ሕፃንማ ጭራሽ ከባሕር ጠለል ነው የመጣው። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በተባለው ቦታ፣ በ3,600 ሜትር ላይ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው።

ሕፃን ደግሞ «ራሴን አመመኝ» ማለት አያውቅም። ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህን ካያችሁ ነገ ይሻለው ይሆናል ብላችሁ አትደሩ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከቆላ የመጣችሁ ደባርቅ ሁለት ሦስት ቀን ሰንብታችሁ ውጡ፤ ከሕፃን ጋር ከሆናችሁ ቡይት ራስ ደርሶ መመለስም ይበቃል።

የሚባለው፦ የታዘለ ልጅ አይበርደውም።

ተሸካሚው ስለሚራመድ ይሞቀዋል፤ የታዘለው ግን አይንቀሳቀስም። እናንተ ሲያልባችሁ የእሱ እግር ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። በየጊዜው እጃችሁን አስገብታችሁ እግሩን ዳስሱ፤ ጋቢም ደርቡ።

ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ይህ ለትልቁም ለትንሹም ነው።

ደባርቅ ላይ ልጄን ይዤ ስወጣ በእውነት የሚያስፈራኝ ግን ጭላዳም ምችም አይደለም። ወደ ሊማሊሞ የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው፤ ዋናው መንገድ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋልና። ለከተማው አስተዳደር አንድ ልመና አለኝ፦ ከአስፋልቱ ራቅ ያለች፣ የታጠረች አንዲት ሜዳ። ሸርተቴው ይቆይ።