ለደጋ መንገድ የሚስማማ የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት አመራረጥ
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአንድ የገጠር ቀበሌ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች ተመድበው ይሠራሉ። አርሶ አደሩ ያለው ግን በየጎጡ ተበታትኖ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያና ወደ ጮቄ ግርጌ፣ ወይም ከሉማሜና ከየትመን ወደ ውስጥ የሚያስገቡት መንገዶች ለመኪና አይመቹም። በእግር ከተሄደ ደግሞ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ጽሕፈት ቤቶችና ማኅበራት ሞተር ብስክሌት ይገዛሉ። ገበሬው ዶቅዶቄ የሚለው ይህ መሣሪያ በደንብ ከተመረጠ የሠራተኛውን ጉልበት በእጥፍ ያሳድጋል፤ ሳይታሰብበት ከተገዛ ግን ሰው ይጎዳል፣ ገንዘብም ያባክናል፣ ሥራም ያስተጓጉላል።

የአገራችን ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን፣ ሰኮናዋንና አረማመዷን ሳያይ ገንዘቡን አይፈታም። በአዊም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚታየው የፈረስ ግልቢያ እጅግ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ገና መጋለብ የሚማርን ልጅ በእሽቅድምድም ፈረስ ላይ የሚያወጣ አባት የለም። ሞተር ብስክሌት ስንገዛ ግን ይህን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

ከአንድ አደጋ የተገኘ ትምህርት

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ መንዳት በተማረ በሁለተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሞተር ተረከበ። ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱም ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ስለነበር ደስታው ወሰን አልነበረውም። በመቀመጫው ላይ ሲሆን ግን መሬት የሚደርሱት የእግሩ ጣቶች ጫፍ ብቻ ነበሩ።

በዚያ ሰሞን ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ በስንዴ ላይ ቢጫ ዋግ መታየቱ ተነገረ። የተጠቁትን ማሳዎች ለይቶ የመድኃኒት ርጭት ለማሳየት ቀጠሮ ተይዞ ጉዞ ተጀመረ። በአንድ ዳገት ላይ ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ ሞተሩ ቆመ፤ በቁልቁለቱ በኩል የተዘረጋው እግር መሬት አላገኘም። ሞተሩ ወደ ጎን ወደቀ፤ የጋለው ማርሚታም ባት አቃጠለ። ሁለት እረኞች ባይደርሱ ኖሮ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም ነበር። የፍሪሲዮን መያዣው ተሰብሮ ነበርና ዕቃው በአካባቢው ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በመጨረሻ ከማሳው ስንደርስ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነበር። የማሳው ባለቤት አዛውንት ገበሬ፣ «ልጄ፣ ዋጉ እኮ አንተን አልጠበቀም» አሉ። ከዚያ በኋላ የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ ለጀማሪ የሚሆን ሞተር ማለት በፍጥነቱ የሚደነቅ ሳይሆን፣ ሲወድቅ ብቻ ሰው የሚያነሣው፣ ሲሰበርም በቅርብ ከተማ የሚጠገን ሞተር መሆኑን ነው።

1. ቁመትና ክብደት

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ከነጂው አካል ጋር መመጣጠን አለበት። ይህን ለማወቅ በሻጩ ደጃፍ ላይ ሦስት ቀላል ፈተናዎች ይደረጋሉ።

ሀ. ነጂው በመቀመጫው ላይ ሲሆን ሁለቱም እግሮቹ፣ ቢያንስ እስከ ውስጥ እግሩ ግማሽ ድረስ፣ መሬት መርገጥ አለባቸው።
ለ. ሞተሩ በጥንቃቄ በጎኑ እንዲጋደም ተደርጎ ነጂው ያለ ረዳት ማንሣት መቻል አለበት። ክብደቱ መቶ ኪሎ ገደማ የሆነን ሞተር አብዛኛው ሰው መሪውን አጥፎ፣ ጉልበቱን በርከክ አድርጎ፣ በእግሩ ኃይል ሊያነሣው ይችላል። ከዚያ እየከበደ በሄደ ቁጥር ነገሩ ያስቸግራል።
ሐ. ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ነጂው አነስተኛ ዳገት ላይ ገፍቶ ሊያወጣው ይገባል። በክረምት ይህ የማይቀር ሥራ ነው።

አንድ ሞተር ለሦስት ሠራተኞች በጋራ የሚመደብ ከሆነ ልኩ የሚወሰደው ከመካከላቸው በቁመት ከሚያንሰው ሰው ነው። ይህ ነጥብ በተለይ ለሴት የልማት ሠራተኞች ጥቅም አለው። ረጅም ሞተር በተገዛባቸው ቦታዎች ሴቶቹ ባልደረቦች በእግር ሲሄዱና ሞተሩ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሲቀር ታይቷል። እንዲህ ያለው ግዢ ለጣቢያው የተገዛ ነው ሊባል አይችልም።

2. የሞተሩ ጉልበትና የአገሩ ከፍታ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ወደ ጮቄ በወጣን ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በእኛ አገር ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

ከዚህ በመነሣት ከ100 ሲሲ ያነሰ ሞተር ሰውና ዕቃ ይዞ ዳገታችንን ለመውጣት ይቸገራል። ከ200 ሲሲ የበለጠው ደግሞ ለጀማሪ ከባድ ነው። በመካከላቸው ያለው፣ በተለይ ከ125 እስከ 150 ሲሲ የሆነው፣ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ካርቡራተሩ ለቆላ አገር ተስተካክሎ የመጣ ሞተር በደጋ ቤንዚን ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህ ሲታይ መካኒኩ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በአነስተኛ እንዲለውጥ ማድረግ ይገባል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና ጉልበታም ነው፤ ነገር ግን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚያቃጥል ዘይቱን መርሳት ሞተሩን ማጥፋት ነው። በረጅም ቁልቁለትም ሞተሩ በማርሽ ሲይዝ የማብረድ ኃይሉ ደካማ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ መንገድ ላይ ሁሉም ነገር በፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለጀማሪ ባለ አራት ምት ቢመረጥ ይሻላል።

3. ጭቃና ዋልካ አፈር

ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካ አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው እንዳይዞር ያደርጋል። ይህን ለማስቀረት የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ራቅ ብሎ የተሰቀለ፣ ጎማውም ጥርሳም ቢሆን ይመረጣል። ሰንሰለቱ (ካቴናው) የተሸፈነ ከሆነ ጭቃና አቧራ ቶሎ አይበላውም። በአፍሪካ ገጠሮች ለእርሻ ሥራ የታወቀው ያማሃ ኤጂ 100 ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ከፊትና ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው በመሆኑ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ምት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሌላ በኩል እንደ ቦክሰር ያሉት የሕንድ ሞተሮች ባለ አራት ምትና ቤንዚን ቆጣቢ ናቸው፤ ግን የተሠሩት ለደህና መንገድ ስለሆነ በጭቃ ላይ በዝግታ መነዳት አለባቸው። ይህ ለማነጻጸር የቀረበ እንጂ አንዱን ስም ለይቶ ለማስገዛት አይደለም።

የዕቃ መጫኛ አለው ተብሎ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት መጫን ግን ፈጽሞ አይገባም። ጭነቱ ከኋላ ሲከብድ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ሞተር ብስክሌት የባለሙያ ማመላለሻ እንጂ የማዳበሪያ ማጓጓዣ አይደለም።

4. መለዋወጫና መካኒክ

ከመግዛት በፊት የማኅበሩ ኮሚቴ በቅርብ ወደሚገኘው ከተማ ሄዶ ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ በመደብር ይገኛል ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የሚል መልስ ካልተገኘ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። እንዲሁም ከግዢው ገንዘብ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ለራስ ቁር (ሄልሜት)፣ ለመፍቻና ለመለዋወጫ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

አሮጌ ሞተር የሚገዛ ከሆነ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ሞተሩም ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ ምክንያት አለው ማለት ነው። ባለ አራት ምት ሆኖ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ዘይት እየበላ ነውና ይቅር።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮች ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንሰውም፤ ቤንዚንም አይፈልጉም። ሆኖም መብራት በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ ሞተሩ በአንድ ሙሌት ደርሶ መልስ መሄድ መቻሉ በተግባር ሳይታይ መግዛት አይገባም።

5. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልምምዱ የሚጀመረው በበጋ፣ ሰብል በተነሣበት ሜዳ ላይ ነው። በዝግታ መሄድን፣ መዞርንና በሁለቱም ፍሬን መቆምን ሳይለምዱ ወደ መንገድ መውጣት አይገባም። ወደ ቁልቁለት ሲገቡ አስቀድሞ ማርሹን ዝቅ ማድረግ፣ በጭቃ ላይ የፊት ፍሬንን በድንገት አለመያዝ፣ በገበያ ቀን ከብትና ሕዝብ ሲያጋጥም ቆሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖር መንዳት ሕግ መጣስ ነው። በደንብ የታሠረ የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ቁር ግን ማንንም አያድንም።

6. የየዕለት ምርመራ

ተራራማ በሆነችው በሌሶቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የጤና ሠራተኞች ሞተሮች በመንገድ ላይ ሳይሰናከሉ ለዓመታት መሥራታቸው ይታወቃል። ምስጢሩ ነጂው ጠዋት ጠዋት ሞተሩን መመርመሩና ዕቃው ሳይሰበር በጊዜው መለወጡ ነበር። እኛም ከመነሣታችን በፊት የሚከተሉትን እንመልከት፦

- ቤንዚን ይበቃል? በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የተገዛ ከሆነ ውኃ ወይም ቆሻሻ አለመቀላቀሉ ታይቷል?
- የሞተር ዘይቱ ልክ ነው? ሰንሰለቱ ዘይት አለው?
- የሰንሰለቱ፣ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ላላነት ተስተካክሏል?
- የላሉ ብሎኖችና የቸርኬ ሽቦዎች ጠብቀዋል?
- ሁለቱም ፍሬኖች ይይዛሉ? ጎማዎቹ በቂ ነፋስ አላቸው?

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ማጠቃለያ

ለጀማሪ የሚሆን ሞተር እግር መሬት የሚረግጥበት፣ ብቻን የሚነሣ፣ ዳገታችንን የሚወጣና በቅርብ ከተማ የሚጠገን ሞተር ነው። ጉልበተኛው ሞተር ነጂው ልምድ ካካበተ በኋላ ሊመጣ ይችላል። የግዢ ኮሚቴዎች ከመወሰናቸው በፊት የሚነዱትን ሠራተኞች ይዘው ሄደው በሞተሩ ላይ እንዲቀመጡ፣ እንዲያነሡትና እንዲገፉት ያድርጉ። ዋግ፣ ተምችና የዘር ወቅት ቀጠሮ አይሰጡም፤ ባለሙያው በሰዓቱ ከማሳው መድረስ አለበት፤ ማታም በደህና ወደ ቤቱ መመለስ አለበት።