ላያስቀምጡት መቀኘት

ስለ ትጋት በተነገረ ጊዜ ሁሉ የቅዱስ ያሬድ ትል ሳትነሣ አትቀርም። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ፊት የኮበለለው የአክሱሙ ብላቴና፣ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ አንዲት ትል ስትወጣና ስትወድቅ፣ ደግሞም ስትነሣ ቆይታ በመጨረሻ ከፍሬው ደርሳ ስትበላ አይቶ ልቡናው እንደ ተመለሰ፣ ሰባኪው በዐውደ ምሕረት፣ ወላጅም በምድጃ ዳር ይተርከዋል። መልካም ታሪክ ነው። ነገር ግን ትሏ የተመሰገነችው ከፍሬው ስለ ደረሰች አይደለምን? ከመንገድ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ማን ያነሣት ነበር? ድካምን ያከበርን እየመሰለን፣ ብዙውን ጊዜ የምናከብረው ድካም ያስገኘውን ፍሬ ነው።

የዕለቱን ድካም ከፍሬው ለይቶ የትምህርት መሠረት ያደረገውን ሥርዓት ማየት የሚወድ ሰው፣ ሊቃውንት በዋድላ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅና በሌላም ስፍራ ተክለውት የኖሩትን የቅኔ ጉባኤ ይመልከት። በዚያ ጀማሪው ተማሪ ከሰዋስው ትምህርቱ፣ ከግሡ፣ ከርባ ቅምሩና ከአግባቡ ጋር፣ በ2 ቤት ከሚያልቀው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያም ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ፣ 8 ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይዘልቃል። ልማዱ እንደ የአገሩና እንደ የመምህሩ ቢለያይም፣ አንድ ነገር ግን በሁሉም ዘንድ ጽኑ ነው፤ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት።

ስለዚህም የለመነውን ቁራሽ ቀማምሶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከባልንጀሮቹ ርቆ ከዛፍ ጥላ ወይም ከገደል አፋፍ ይቀመጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። ሰሙን ያገኘው እንደ ሆነ ወርቁ ይጠፋዋል፤ ወርቁን ሲይዝ ደግሞ ቤቱ አልመታ ይለዋል። በነገራ ሰዓት ተራውን ጠብቆ ከየኔታ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ቀርቦ የደከመበትን ያሰማል። የኔታም የተጣመመውን ያቃናሉ፣ ቦታውን የሳተውን ቃል ያስወጣሉ፤ ከሰው የተዋሰ እንደ ሆነም «ይህማ ትናንት የእገሌ ነበር፤ ሂድ፣ የራስህን ይዘህ ና» ብለው ይመልሱታል። ያማረ ሲሆን «ይበል!» ይባልለታል።

ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ የዚያ ቅኔ ነገር አለቀ። ትናንት «ይበል» የተባለለትን ዛሬ መልሶ ማቅረብ ነውር ነውና፣ ተማሪው በማግሥቱ እንደ ገና ባዶ እጁን ወደ ዛፉ ጥላ ይሄዳል። የተማሪነት ዘመኑ በዚህ ሲያልቅ የቆጠረው ሁሉ ከነፋስ ጋር ሄዶ፣ የቀረለት ቅኔ የሚያፈልቅ ልቡና ብቻ ነው። ጉባኤው ተማሪውን የሚሠራው፣ ሊያስቀምጠው በማይችለው ሥራ ነው።

ከዓይነ ስውርነታቸው ጋር በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሊቅነትም ከዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ብራና አያዩም፣ የተጻፈውንም መልሰው አያነቡም ነበር፤ ሆኖም በጆሮ በመስማትና ዘወትር በመቀኘት የሚኖር ትምህርት፣ ሌላው ሙያ በሩን በዘጋባቸው ነበር በሚባልበት ስፍራ ሳይዘጋባቸው ቀርቷል።

በእንቁጣጣሽ ማግሥት ዕቅድ አውጥቶ በጥቅምት የሚተወውን ሰው ሳስብ፣ የጎደለው ብርታት ነው ብሎ መፍረድ ይከብደኛል። ቋንቋ ልማር ያለው በሦስተኛው ሳምንት እንደ ባለ አገሩ አለመናገሩን፣ ልጽፍ ያለውም በመጀመሪያው ወር መጽሐፍ አለመውጣቱን እየመዘነ ተስፋ ይቆርጣል፤ ማለትም ገና በጉባኤ ቃና ላይ ሳለ ራሱን በመወድስ ይለካል። የዕለቱ ድርሻ በእጁ ነው፤ ፍሬው ግን በጤና፣ በጊዜ፣ በሌላ ሰው ፈቃድና በማያውቀው ብዙ ነገር የተያዘ ነው። በእጁ ያለውን በእጁ በሌለው ስለ መዘነ ብቻ፣ በደኅና የሠራበትን ቀን እንደ ባከነ ይቈጥረዋል።

ይህን ስል ልፋት ሁሉ ይከበር ማለቴ አይደለም። ነገራ ባይኖር፣ የሚያቃና መምህር ባይቀመጥ፣ ያው ስሕተት በየዕለቱ ሲደጋገም ኖሮ ልማድ ይሆን ነበር። የዕለት ድካም ዕለታዊ እርማት ያሻዋል፤ የዛሬ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ደግሞ ይህንኑ ይመስለኛል፤ አድናቂ አያጣም፣ አራሚ ግን ከየት ያምጣ?

የቅኔ ጉባኤው ሥርዓትም ያለ ኪሣራ አልኖረም። ስንት ድንቅ ቅኔ እንደ ተነገረ ጠፍቷል! ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. በመጽሐፍ ማሳተማቸው ስለዚህ ታላቅ ውለታ ነው፤ እኔም የሚቀመጠው ይቀመጥ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጉባኤውን ያቆመው ግን የተቀመጠው አይደለም። ተማሪው ተምሮ፣ አስመስክሮ፣ እርሱም በተራው የኔታ ተብሎ ወንበር ከዘረጋ በኋላ እንኳ ከዕለቱ ግዴታ አይወጣም፤ ለተማሪዎቹ አርአያ የሚሆን አዲስ ቅኔ ሊዘርፍ ሲነሣ፣ ያ ሁሉ ሊቅነት እያለው፣ እንደ ጀማሪው ሁሉ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል።