የአዳማ ነፋስና የቤት ውስጥ አየር

አዳማ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይኸው ነፋስ ግን ወደ ቤት እንዲገባ አይፈለግም። ቀን አቧራ ያመጣል ተብሎ መስኮት ይዘጋል፤ ሲመሽ ደግሞ የወባ ትንኝ ተፈርቶ ይዘጋል። በተዘጋው ቤት ውስጥ እንጀራ ይጋገራል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጨሳል። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የብዙ ቤቶች አየር ከውጭው አየር የሚብስበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በቤት ውስጥ አየርን ከሚበክሉት ሁሉ የከፋው የማገዶ ጭስ ነው። እንጨትና ኩበት በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነዱ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠሉ፣ ያልተቃጠለው ክፍል ጋዝና ብናኝ ሆኖ አየሩ ውስጥ ይቀራል። ጎጂው ብናኝ ዓይን የሚያየው ጥቀርሻ ሳይሆን ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ነው፤ ውፍረቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት ሠላሳኛ ያህል ቢሆን ነው። ይህን ያህል የደቀቀ ነገር አፍንጫም ጉሮሮም አያግደውም። እስከ ሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። አየር በማይዘዋወርበት ኩሽና ግን ከሚፈቀደው እስከ መቶ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ድርጅቱ ይገልጻል። በእርሱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ ሕይወታቸው አልፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ሳንባ ምች፣ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ ስትሮክ፣ የልብ በሽታና የሳንባ ካንሰር ከዚህ ጭስ ጋር ይያያዛሉ። በኢትዮጵያ ጉዳቱን በቅድሚያ የሚሸከሙት እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉት ልጆች ናቸው። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ፣ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ሲታይ የሚስበው ጭስ ከእናቱ ይበልጣል።

ከሰል ከእንጨት ያነሰ ስለሚጨስ ንጹሕ ማገዶ ይመስላል። ከሞጆ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠው የግራር ከሰል በከተማ ሰው ዘንድ የሚወደደውም በዚህ ነው። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም በሆነ ጊዜ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍሙ ሳያቋርጥ ይወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በጠነከረ ኃይል ይጣበቃል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ አካሉ ኦክስጅን ያጣል። መጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ምች ወይም ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል፣ እንቅልፉም ራሱን ወደ መሳት ይሸጋገራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወይም በዝናብ ወቅት፣ «ጭሱ አልቋል» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት የሚገባ የከሰል ምድጃ መላ ቤተሰብን ሊጨርስ ይችላል። የተጎዳ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ በርና መስኮት ከፍቶ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቀጥሎ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። ጋዙ በተራ አየር ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስድበታል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ያጥራል። በዚህ ጽሑፍ ከሚነሱት ጉዳዮች ሁሉ አንዱን ብቻ መያዝ ካስፈለገ፣ የሚያዘው ይህ ነው፦ ፍም ያለበት ምድጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር።

የተሻሻሉ ምድጃዎች ታሪክ ከዚሁ አካባቢ ድንጋይ ጋር የተሳሰረ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውለው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ የሚሠራው ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ፑሚስ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው በብዛት ይገኛል። ምድጃው እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል። ማገዶ መቆጠቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ጤና መጠበቁ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ጭስ የሚቀንስ የማገዶ ምድጃ ለቤተሰቦች መሰጠቱ የሕፃናቱን የሳንባ ምች አልቀነሰም። ከጉዳት መጠን እጅግ የበለጠ ጭስ በግማሽ ቢቀንስም አሁንም ጎጂ ሆኖ ይቀራል፤ ከጎረቤት ማድ ቤትና ከመንደሩ የሚመጣውም ጭስ አለ። ስለዚህ የተሻሻለ ምድጃ ጭስ ማውጫና ክፍት ኩሽና ያስፈልገዋል።

ጭሱን ከምንጩ የሚያጠፋው ኤሌክትሪክ ነው። ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ኃይል ያመነጫል፤ የነፋሱም ማመንጫ እዚያው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ አሮጌ ሽቦና ብዙ ተከራይ የሚጋራው ቆጣሪ አይችሉትም፤ መብራት ሲጠፋም ከሰሉ ይመለሳል። እንጀራውን በኤሌክትሪክ ጋግሮ ወጡንና ቡናውን በከሰል የሚሠራ ቤተሰብ ግን ቢያንስ ትልቁን ጭስ አስወግዷል።

ቡና ሲፈላ የሚጨሰው እጣንም ጭስ ነው፤ ብናኝና ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ይህን ወግ መተው አያስፈልግም። ምድጃውን በረንዳ ላይ ወይም ክፍት በር አጠገብ ማድረግ፣ እጣኑን መቀነስ፣ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ጭራሽ መተው ይበቃል። ሲጋራን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ በመኖሪያ ቤት ግን ውሳኔው የቤተሰቡ ነው።

ከምንጩ ያልጠፋውን የሚያስወጣው ነፋሱ ነው። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙ አይረዳም፤ አየሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ተቃራኒ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት፣ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ እንደሚለወጥ ለክቷል፤ ይህ በዘመናዊ የአየር ማስተላለፊያ መሣሪያ ከተገኘው ይበልጣል። ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ለሆነችው ኢትዮጵያ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው በተዘጋ ክፍል አየር ነውና።

አቧራው ግን እውነተኛ ችግር ነው። በደረቁ ወቅት ነፋሱ የሚያነሳው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ደግሞ የከባድ መኪና ጭስ ይጨመርባቸዋል። መፍትሔው መስኮት መርጦና ሰዓት መርጦ መክፈት ነው፦ ነፋሱ ረገብ በሚልበት ሰዓት፣ እንዲሁም በማብሰያ ሰዓት፣ በተቻለ መጠን በግቢ በኩል ያለውን። ወለልን በደረቁ መጥረግ የተቀመጠውን ብናኝ መልሶ ያነሳዋል፤ ውኃ ረጭቶ መጥረግ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

ትንኝን የሚያግደው በመስኮት ላይ የሚወጠር የሽቦ ወንፊትና አጎበር ነው። ብዙ ቤት በምትኩ የሚያጨሰው ጥምዝምዙ የትንኝ ማባረሪያ ነው፤ አንዱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ የሚያወጡትን ያህል ደቃቅ ብናኝ እንደሚለቅ ተለክቷል። ልጆች በሚተኙበት ዝግ ክፍል ማጨሱ ከአጎበር የተሻለ ጥበቃ ሳይሰጥ ሳንባቸውን ይጎዳል። የሚረጭ መድኃኒትም ከተረጨ በኋላ ክፍሉ ተናፍሶ ካልተገባበት ያው ነው።

በቤት ውስጥ አበባ ተክሎ አየር ማጥራት ይቻላል የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ናሳ በዝግ ሣጥን ውስጥ ካደረገው ሙከራ የመጣ ነው። በኋላ የተሠራ ስሌት እንዳሳየው፣ ተክል የአንድ ተራ ቤትን የአየር ዝውውር ያህል እንዲያጠራ በየካሬ ሜትሩ ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። የአየር ማጣሪያ መሣሪያ ደግሞ ብናኝን በደንብ ይይዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም።

በስምጥ ሸለቆ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጋዝ ከመሬት ይመጣል። ራዶን ከድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚመነጭ፣ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ጨረር አመንጪ ጋዝ ነው፤ በወለል ስንጥቅ ገብቶ በዝግ ቤት ይጠራቀማል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው ዓይነት የመሬት መንቀጥቀጥ ወለል ሲሰነጥቅ፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ለግንባታውም ለአየሩም ይጠቅማል። የቀረውን ራዶን ያው መስኮት መክፈት ያሳሳዋል።

አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ በርካሽ የሚፈጸመው ከመሠረቱ ነው። ኩሽናው ነፋሱ ጭሱን ከመኝታ ክፍሎች በሚያርቅበት አቅጣጫ ይደረጋል፤ በየክፍሉ ተቃራኒ መስኮት ይተዋል፤ ከኮርኒሱ ሥር በወንፊት የተሸፈነ የአየር ቀዳዳ ይኖራል። ለተከራይ ግን ይህ ምርጫ የለም። አንዲት ክፍል ቤት ያለው ሰው የሚችለው ምድጃውን ደጅ አውጥቶ ማቀጣጠል፣ በማብሰያ ሰዓት በሩን ከፍቶ መተው፣ ሲተኛም ፍሙን ውጭ ማሳደር ነው።