በጣርማ በር ዋሻ በኩል



ከቤተ ሰብ ጋር ሽርሽር ወጥተው ያዩትን የሚጽፉ አንባብያን ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ እኔም በ2011 ዓ.ም. ያደረግነውን ጉዞ በአጭሩ ላቅርብ። ቤታችን ሀና ማርያም ነው። ቀኑ ሚያዝያ 27፤ የአርበኞች መታሰቢያ በዓል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ዳግማይ ትንሣኤ የዋለበት እሑድ ነበር። ሰባ አራት ዓመት የሆናቸውን እናቴን፤ ባለቤቴንና የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ደብረ ሲና ተነሣን።

ልጄ ከጣሊያንኛ ወደ ቋንቋችን የገቡ ቃላትን ለቅማ በደብተሯ ጽፋ ኖሮ በመንገድ ላይ ታነብልን ጀመር። መኪና፤ ጎማ፤ ቦርሳ፤ ካልሲ፤ ፒያሳ፤ ባንዲራ። እናቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ አልቻሉም። «ሰንደቅ ዓላማ በይ!» አሏት።

እናቴ ከጣሊያን ነገር ጋር የቆየ ቂም አላቸው። አባታቸው አምስቱን የወረራ ዓመት በሰሜን ሸዋ ከአርበኞች ጋር በዱር በገደል የኖሩ ሰው ስለ ነበሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ በቤታቸው ፓስታ አልተቀቀለም። «የሶላቶ ቀለብ» ይሉት ነበር። እናቴም ይህንኑ እንደ ውርስ ይዘው፤ እኛ ቤት ፓስታ በቀረበ ቁጥር ሽሮ ለብቻቸው ያሠራሉ። ባለቤቴን ይህ ነገር ቅር ያሰኛት እንደ ነበር አልሸሽግም።

ደብረ ብርሃንን ካለፍን በኋላ ብርዱ በረታ። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ነው። ዋሻውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ሠሩት፤ ርዝመቱ ስድስት መቶ ሜትር ይጠጋል፤ ሕዝቡም «የሞሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። አፉ ላይ ስንደርስ እናቴ «አቁም» አሉኝ። ወርደው ነጠላቸውን ተከናንበው፤ አባታቸው በሌሊት ይሻገሩበት የነበረውን ሸንተረር ከዋሻው በላይ ለልጄ አሳዩአት። «ይህን የቆፈሩት መድፋቸው እንዲያልፍ ነው እንጂ ለእኛ አዝነው አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ተራራው ወደ ምሥራቅ ተገምሶ ይወርዳል፤ ጉሙ ከእግራችን በታች ነበር፤ ጭላዳዎች በገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫሉ፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ ሲወርድ አየሩ ይሞቃል። ከጎኔ «ግሩም ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ነበሩ።

ደብረ ሲና ከአንዲት አነስተኛ ሆቴል ገባን። ልጄ ፓስታ አዘዘች። አስተናጋጁ በሰፊ ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግቶ፤ ፓስታውን መካከሉ ላይ ከምሮ፤ በርበሬ የበዛበት ቀይ የሥጋ ስጎ አፍስሶበት አመጣው። ይህን አንድ የሮማ ሰው ቢያየው ምን ይል እንደ ነበር እንጃ። «ስጎ» ያልነው ቃል እንኳ የእርሱ ነው። እጃችንን ታጥበን በእንጀራ እየጠቀለልን በላን። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ሲያዩን ቆይተው በዳር በኩል ስጎ የነካውን እንጀራ ቆረሱ፤ ቀጥሎም ጥቂት ፓስታ ጠቀለሉበት። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ባለቤቴ ልጄን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኝታት ነበር።

ስንመለስ የደብረ ሲናን ቆሎ ገዝተን፤ ዋሻውን ሳንቆም አለፍን።

በሳምንቱ ቤታችን ፓስታ ሲቀቀል እናቴ ሽሮ ይሠራልኝ አላሉም። ስጎውን ቀምሰው ግን «ነጭ ሽንኩርት አንሶታል» ሲሉ ባለቤቴን ገሠጿት።

አንድ አንባቢ፤ ከሀና ማርያም