ሶፍትዌሩ ሳይወጣ ፋይልዎን ቢጠይቁዎት

በሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ዊንጌት አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ደጋግሞ የሚታተም አንድ ሰነድ አለ፤ ሮስተር። የተማሪው ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚሰፍርበት ሰፊ ሠንጠረዥ ነው። መምህራን በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ በኤክሴል ሠርተው ነው፤ ሆኖም የአንዱ ሥራ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ያልተፈተነውን ተማሪ ሴሉን ባዶ ትቶ ያልፈዋል፣ ሌላው ሰረዝ ያደርግበታል፣ ሦስተኛው «አልተፈተነም» ብሎ ይጽፋል። ርእሱ እንዲያምርለት ብሎ ስምንት ሴል መርጅ ያደረገም አለ።

ለትምህርት ቤቶች የውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው፣ ሥራው ተጠናቅቆ ከመውጣቱ በፊት ወደ እነዚህ መምህራን መጥቶ «ሮስተራችሁን ስጡኝና ልሞክርበት» ሊል ይችላል። ጥያቄው ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። አንዳንዱ «ራሱ ሠርቶ አይሞክርም እንዴ?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ምን ሊያደርግበት ነው?» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስም አላቸው።

ሠሪው በራሱ ፋይል መሞከሩ አይቀርም። ነገር ግን እሱ በሠራው ፋይል ውስጥ የሚገኘው እሱ አስቀድሞ ያሰበው ብቻ ነው። ስም ሲያስፈልገው «አበበ ከበደ» ይላል፤ ቀን ሲያስፈልገው 1/1/2006 ያስገባል፤ የፈተና ውጤት ሲያስፈልገው 80 ይሞላል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሲሠራ የታሰበው ይኸው ነዋ። የሚሰናከለው ማንም ባላሰበው ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ያለው መምህሩ ፍላሽ ውስጥ ነው።

ከስም እንጀምር። ገ/ማርያም፣ ወ/ሚካኤል፣ ኃ/ሥላሴ የምንላቸው ስሞች በየክፍሉ አሉ። አሁን ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ የውጤት ካርድ አዘጋጅቶ፣ ፋይሉን በተማሪው ስም ሴቭ እንዲያደርግ ተሠርቷል እንበል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም፤ በሌሎች ሥርዓቶችም እዝባር ፎልደርን ከፋይል የሚለይ ምልክት ነው። ስለዚህ ካርዶቹ ያለ እንከን እየወጡ ቆይተው ገ/ማርያም ጋ ሲደርሱ ሥራው ይቆማል። ሠሪው «አበበ ከበደ»ን ሺህ ጊዜ ቢሞክር ይህን አያገኘውም።

የፊደል ጉዳይም አለ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ኃይሌ ተብሎ የተጻፈው ልጅ በሁለተኛው ሀይሌ ሆኖ ይመጣል። ለእኛ አንድ ልጅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ግማሽ ውጤት ያላቸው። የስም ርዝመትም ያስቸግራል። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት የጽሑፍ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ለስም 30 ባይት የመደበ ሶፍትዌር አሥር ፊደል ብቻ ተቀብሎ የአባትን ስም መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ውጤቱን ለወላጅ በአጭር የስልክ መልእክት ለመላክ ለሚያስብም ያው ነው፤ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው መልእክት በአማርኛ ሲሆን የሚይዘው 70 ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀን ነው። ለናሙና ያህል የአንድ አምስተኛ ክፍል ሮስተር የትውልድ ቀን ዓምድ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኮምፒውተሩ እንደብዙዎቹ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተስተካከለ ከሆነ ኤክሴል ወርን አስቀድሞ ቀንን አስከትሎ ያነባል። መምህሩ ጥቅምት 5 ቀን 2006 ለማለት 5/2/2006 ብለው ሲጽፉ ፕሮግራሙ ሜይ 2 ብሎ ይይዘዋል። 13/5/2006 ሲጽፉ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ልብ ብሎ ላየው ምልክቱ ዓይን ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደ ቀን የተቀበላቸው በሴሉ ቀኝ ጠርዝ፣ እንደ ጽሑፍ የወሰዳቸው በግራው ጠርዝ ተጠግተው ይቆማሉ። አንድ ዓምድ ሁለት ዓይነት ነገር ይዟል ማለት ነው። በዕድሜ ቅደም ተከተል ይደርደር ቢባል የሚወጣው ትርጉም የለሽ ነው።

ኮምፒውተሩን ቀን አስቀድሞ እንዲያነብ ማስተካከል የችግሩን ግማሽ ብቻ ይፈታል። ጥቅምት 30 ቀን የተወለደ ልጅ 30/2 ተብሎ ይጻፋል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ስለሆነና 30 ቀን ስለሌለው፣ የልጁ የትውልድ ቀን ለፕሮግራሙ በዓለም ላይ የሌለ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 3 የተወለደችው ደግሞ 3/13 ትባላለች፤ ያ በአሜሪካው አነባበብ ማርች 13 ነው፤ ማንም ሳያስተውለው በዝምታ ያልፋል። በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱ አለ። 2006 ዓ.ም. የፈረንጅ 2006 ተደርጎ ከተቆጠረ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ይመዘገባል። እኔ እንደማምነው ለኢትዮጵያ የሚሠራ ማንኛውም ሶፍትዌር ጥቅምት 30ንና ጳጉሜንን ሳያይ ሊወጣ አይገባውም፤ የሚያየው ደግሞ እውነተኛ ሮስተር ሲያገኝ ነው።

የቆዩ ፋይሎችም ሌላ ዋጋ አላቸው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ሰነድ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኮምፒውተሮች የግዕዝን ፊደል ገና ሳያውቁ በነበረበት ዘመን፣ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ የሚያሳዩ ፎንቶች ይሠሩ ነበር። ቦታው 256 ብቻ ስለነበረ ሁሉም በየራሱ ብልሃት አደላደለው። ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መደበኛ ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን መደበኛ ቦታ ከሰጠ በኋላ አዳዲሶቹ ጽሑፎች እርስ በርስ ተግባቡ፤ ቀድሞ የተጻፈው ግን በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። የድሮውን ወደ አዲሱ የሚለውጥ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እነዚያን ፋይሎች ከባለቤቶቻቸው ካላገኘ ከየትም ሊያገኛቸው አይችልም።

በዓለም ደረጃም የሚሠራበት መንገድ ይኸው ነው። ከኦፕን ኦፊስ በ2010 እ.ኤ.አ. የተገነጠለው ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ጥሩ ማሳያ ነው። አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት የሙከራ እትሞቹ ለሕዝብ ይለቀቃሉ፤ ተጠቃሚው የራሱን ሰነድ ይከፍትበታል፤ ከተበላሸበት ፋይሉን ከአቤቱታው ጋር አያይዞ ይልካል። እንዲህ ከዓመታት አቤቱታዎች የተሰበሰቡ ከመቶ ሺህ በላይ ሰነዶች አሉ፤ ሠሪዎቹ ፕሮግራሙን ሲያሻሽሉ ኮምፒውተር በየጊዜው እነዚህን በየተራ እየከፈተ የሚዘጋበት ወይም የሚወድቅበት ቦታ መኖሩን ይፈትሻል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሰጠው ፋይል ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ እትም ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። የተስተካከለ ስሕተት ተመልሶ እንዳይመጣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። በዚያ ክምችት ውስጥ የአማርኛ ሰነድ በበዛ ቁጥር የአማርኛ ችግር ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ይቀንሳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለመስጠት የሚያበረታታ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሰጋው ሰው ጥያቄ፣ ግን ከዚህ አያንስም። ሮስተር የልጆች ስም፣ ውጤትና የትውልድ ቀን ነው። ልጆቹም ወላጆቻቸውም ለሶፍትዌር ሙከራ ፈቃድ አልሰጡም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ የሰው የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት እንዲሁ እየተላለፈ እንዳይሠራበት ሕግ አለ ማለት ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ የወደቀ ልጅ ውጤት ከነስሙ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ልብ የሚያሳምም ነገር ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከመሰጠቱ በፊት መጽዳት አለበት። ፋይሉም የመምህሩ የግል ንብረት ስላልሆነ ርእሰ መምህሩ ሊያውቁትና ሊፈቅዱት ይገባል።

አጸዳዱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሞቹን ሁሉ ሰርዞ «ተማሪ 1»፣ «ተማሪ 2» የሚል ይተካባቸዋል፤ ቀኖቹን ሁሉ 1/1/2006 ያደርጋል። ልጆቹ ተጠብቀዋል፤ ፋይሉ ግን ለሙከራ የማይረባ ሆኗል፤ ሠሪው ቀድሞ የነበረውን መልሶ አገኘ። ይዘቱ ይለወጥ፣ ቅርጹ ይቆይ። ገ/ማርያም በገ/መድኅን ይተካ እንጂ በአበበ አይተካ። በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈው ኃይሌ በሌላ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ባለው ስም ይለወጥ፤ ለምሳሌ አንድ ቦታ ፀሐይ፣ ሌላ ቦታ ጸሀይ። 30/2/2006 የነበረው 30/2/2005 ሊሆን ይችላል፤ 28/2 ግን አይሁን። በ09 የሚጀምር ስልክ በ09 በሚጀምር የፈጠራ ቁጥር ይተካ፤ ኤክሴል መነሻዋን ዜሮ ውጦት ከሆነም እንደተዋጠ ይቅር። 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር በሌላ 12 አኃዝ ይለወጥ፤ ኤክሴል እንዲህ ያለውን ረጅም ቁጥር አሳጥሮ በነጥብና በፊደል ያሳየዋልና ያም ራሱ መታየት ያለበት ችግር ነው። ባዶው ሴል ባዶ፣ ሰረዙ ሰረዝ፣ መርጅ የተደረገውም እንደተደረገ ይቆይ። ማጽዳቱ በኮፒው ላይ ይሠራ፤ ዋናው አይነካ።

የማይታየውንም መፈለግ ያሻል። ሃይድ የተደረገ ዓምድ፣ በሌላ ሺት ላይ ተቀምጦ የተረሳ የወላጅ ስልክ ዝርዝር፣ ሴል ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ፣ በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ የተመዘገበው የጸሐፊው ስም፤ እነዚህ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። አርባ ተማሪ መላክም አያስፈልግም። ችግሩን የሚያሳዩ ስድስት ሰባት ረድፎች ቀርተው ሌላው ቢቆረጥ ለሠሪውም ይቀለዋል፤ የሚያጋልጠውም ያንሳል። ከቆረጡ በኋላ ግን ችግሩ አሁንም መኖሩን እንደገና ከፍቶ ማየት ነው።

አላላኩ ላይ ትንሽ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ፋይል የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ጽሑፉን ከኤክሴል ኮፒ አድርጎ መልእክት ላይ መለጠፍ ጥቅም የለውም፤ ችግሩ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ራሱ ፋይሉ ይላክ። አብሮትም ትክክለኛ ሆኖ በሚታይበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ቅጂ ቢኖር ግሩም ነው፤ አማርኛ የማያነብ ሠሪ እንኳ ምን መምሰል እንደነበረበት በዓይኑ ያየዋል። የፎንቱን ስም፣ የዊንዶውሱንና የኦፊሱን እትም፣ ምን አድርገው ምን እንደጠበቁና ምን እንዳገኙ በሁለት ሦስት መስመር መጻፍ ይበቃል። ፎንቱ የሚሸጥ ከሆነ ስሙን መንገር እንጂ ራሱን ፎንቱን መላክ ተገቢ አይደለም።

ጠያቂውም ግዴታ አለበት። ፋይሉን ለምን እንደሚፈልገው፣ የት እንደሚያስቀምጠው፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያጠፋው አስቀድሞ ይናገር። በተለይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፤ ፋይሉ እሱ ዘንድ ብቻ ነው የሚቀረው ወይስ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይሰቀላል? እንደ ሊብሬ ኦፊስ ባሉ ክፍት ፕሮጀክቶች ከአቤቱታ ጋር የተያያዘን ፋይል ማንም የዓለም ሰው ሊያወርደው ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ የሰጡ ሰዎች በኋላ ይጨነቃሉ። መታወቂያ በሁለት ወገኑ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ የባንክ ሒሳብህን ከነምስጢር ቁጥሩ ስጠኝ፣ ለሙከራ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎት ግን ሶፍትዌር እየሞከረ አይደለም፤ ይከልክሉት።

እንደ ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ባሉ ኮሌጆች ኮምፒውተር ለሚማሩ ወጣቶችም አንድ ልመና አለኝ። ፋይል የሰጣችሁን መምህር በሰጡበት አትተዉአቸው። ስሕተቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ ደውላችሁ ንገሯቸው፤ የታረመውን እትም አስቀድማችሁ ስጧቸው፤ በራሳቸው ሙሉ ሮስተር፣ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። ሰባቱ ረድፍ ላይ የጠፋው ችግር አርባው ላይ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያኔ የሚደውሉላችሁም እኚሁ መምህር ናቸው።