«ማን ወሰደው?» ከማለት በፊት

ከካዝና ገንዘብ ሲጎድል፣ ከመጋዘን ዕቃ ሲጠፋ፣ ወይም አንዲት ሠራተኛ አለቃዬ ክብሬን ነካ ብላ አቤት ስትል፣ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ከማየታቸው በፊት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነገሩን ያጣራል። አጣሪዎች ይመደባሉ፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይያዛል፤ ሰነድ ይሰበሰባል፤ ምስክሮች ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ የተከሰሰውም ቃሉን ይሰጣል፤ ግኝቱ ለሚወስነው ኃላፊ ይቀርባል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ማን ወሰደው?» ብሎ የተነሣ አጣሪ ገንዘቡ በእርግጥ መጉደሉን ሳያረጋግጥ ሰው ይዞ ያርፋል። በድሮው አውጫጭኝ የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ይያዝ ነበር፤ ዛሬም ብዙ አጣሪ ኮሚቴ አእምሮው እዚያው ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ግን ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

የብሪታንያ ፖስታ ቤት ታሪክ ለዚህ ከባድ ማስረጃ ነው። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የተባለ ኩባንያ የሚያስተዳድረውን ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሥርዓት በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ በውል የሚሠሩ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ሒሳብ ሲዘጉ ማሽኑ ጉድለት ያሳያቸው ጀመር። መሥሪያ ቤቱ ከኪሳቸው እንዲሞሉ ጠየቃቸው፤ ማሽኑ ተሳስቷል ያሉትን ብዙዎችን እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሌላ ሰው የለም አላቸው። መርማሪዎቹ የማሽኑን ቁጥር እንደ ተረጋገጠ እውነት ይዘው፣ ቀሪው ሥራ ሌባውን ማሳመን ብቻ መሰላቸው። ጎድሏል የተባለው የት እንደ ገባ ማሳየት አለመቻላቸው እንኳ አላስቆማቸውም። ይባስ ብሎ ተበዳዩም፣ መርማሪውም፣ ከሳሹም ያው ፖስታ ቤቱ ነበር። እስከ 2015 ድረስ ባቀረባቸው ክሶች ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። በቀድሞው የቅርንጫፍ ኃላፊ በአለን ቤትስ መሪነት 555 ሰዎች ፖስታ ቤቱን ከስሰው ፍርድ ቤቱ በ2019 ሆራይዘን ጉድለት ሊፈጥሩ የሚችሉ ስህተቶች እንደ ነበሩበት ወሰነ። ከመቶዎቹ ፋይሎች በአንዱ እንኳ «ይህ ሰው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ምን ማስረጃ እናገኝ ነበር?» ተብሎ ከልብ ቢጠየቅ፣ የማሽኑ መዝገብ ቀድሞ በተመረመረ ነበር።

ጥንቃቄ ሲባል ሌባው ያመልጣል የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ ሰነድ ይሰወራል፣ ምስክር ይፈራል፣ ሕጉም ጊዜ ይቆጥራል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን ያጣል። ይህ ግን ቶሎ ለመጀመር እንጂ ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። ሰነድን በመጀመሪያው ቀን መያዝ፣ ክሱን ለተከሰሰው በግልጽ መንገር፣ የሚጠራቸውን ምስክሮች መስማት ወራት አይፈጅም። አቤት ባይዋንም የሚጠብቃት ይኸው ጥንቃቄ ነው፤ በጥድፊያ የተሠራ ፋይል ፍርድ ቤት ሲደርስ ይፈርሳል፣ በደል አድራሹም ወደ ወንበሩ ይመለሳል። አነስተኛ ድርጅት የተለየ አጣሪ ከየት ያመጣል ለሚለው፣ ቢያንስ ከሳሹ አለቃ ከአጣሪነት መውጣት ይችላል፤ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

ስህተት ቢኖር ፍርድ ቤት ያርመዋል የሚለው መልስ ግን ፈጽሞ አያሳምነኝም። በለንደን የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በሆራይዘን ሰበብ ጥፋተኛ የተባሉ የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ያን ቀን በሕይወት አልነበሩም።