ወርቁን የበላው ኮምፕሬሰር

መቼም ኮምፒውተር ላይ ድምፅ ለመሚክስ የሞከረ ሁሉ ኮምፕሬሰር የሚባለውን ፕለግኢን ከፍቶ ቁልፎቹን ዝም ብሎ ያላዞረ የለም ብዬ እገምታለሁ። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። በዚህች አጭር ጽሑፍ የተሳሳትኩትንና ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኮርስ ፕሮጀክት ብዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ዳባት ወርጄ አንድ አዛውንት አዝማሪ ቀዳሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፤ የደጋው ንፋስ ደግሞ አያርፍም። የነበረኝ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ስለሆነ ድምፃቸውና ማሲንቋቸው አብረው ገቡ። ሲጨርሱ “ልጄ፣ ለልጅ ልጆቼ የሚቀረው ይሄው ነው፤ አደራ” አሉኝ።

ደባርቅ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ ኮምፕሬሰሩን በደንብ ጫንኩት። ሬሾውን 10 ለ 1፣ አታኩን 1 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዙን 30 ሚሊ ሰከንድ አደረግሁ። ድምፁ ጮኸ፣ ወፈረ፤ እኔም ኮራሁ። ወስጄ አሰማኋቸው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና “ጩኸቱስ ደህና ነው። ግጥሜ ግን የት ሄደ? ሰሙን ትተህ ወርቁን በላኸው’ኮ” አሉኝ። አፈርኩ።

ታዲያ ምን ነበር የሆነው? ኮምፕሬሰር ማለት ባጭሩ ድምፅ ሲጮህ ቶሎ ዝቅ የሚያደርግ እጅ ማለት ነው። ትሬሾልድ እጁ ሥራ የሚጀምርበት ወለል ነው። ሬሾ የሚጫንበት ልክ ነው። አታክ ለመጫን፣ ሪሊዝ ደግሞ ለመልቀቅ የሚወስድበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ትሬሾልዱ -20 ዲሲቤል፣ ሬሾው 4 ለ 1 ቢሆንና ዘፋኙ -8 ቢደርስ፣ ከወለሉ 12 ዲሲቤል አልፏል ማለት ነው። 12 ለ 4 ሲካፈል 3 ስለሆነ የሚወጣው -17 ነው። 9 ዲሲቤል ተቀነሰ። ይህን 9 በሜክአፕ ጌይን መልሰን ስንጨምር ግን ከወለሉ በታች ያለው ሁሉ፣ የዳባት ንፋስ ጭምር፣ አብሮ 9 ዲሲቤል ያድጋል።

የኔ ትልቁ ጥፋት ግን አታክና ሪሊዝ ላይ ነበር። በአማርኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ የመሳሰሉት ጉሮሯችንን ዘግተን የምናፈነዳቸው ድምፆች ናቸው። ፍንዳታቸው በጣም አጭር ነው። አታኩ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ኮምፕሬሰሩ ፍንዳታውን ገና ሲወለድ ይይዘዋል፤ ጠ ደንዝዛ ትወጣለች።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። “ይመታል” የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሲላላ ሰውየው መቺ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺ ነው። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። ተ ስትጠብቅ አፍ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ዝምታ ይፈጠራል። ሪሊዙ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ኮምፕሬሰሩ በዚያች ዝምታ መሀል ይለቅና ማሲንቆውንና ንፋሱን ሽቅብ ያነሳቸዋል። ዝምታዋ ትሞላለች፤ ጥብቁ የላላ ይመስላል። የአዝማሪ ቅኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። ጋሼ ወርቁን በላኸው ያሉኝ እውነታቸውን ነበር።

ደግነቱ ዋናውን ቅጂ አልነካሁትም ነበር። እንደገና ስጀምር መጀመሪያ የሚጮሁትን ስንኞች ያለ ፕለግኢን በእጄ ዝቅ አደረግሁ። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው ሥራ ያን ጊዜ ቀለለ። ከዚያ ሬሾውን 3 ለ 1፣ አታኩን 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዙን 150 ሚሊ ሰከንድ አድርጌ፣ ቅነሳው ከ4 ዲሲቤል እንዳያልፍ ትሬሾልዱን አስተካከልኩ። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም። ቃሉ እስኪጠራ ድረስ አታኩን ማዘግየት፣ ማሲንቆው መተንፈስ እስኪያቆም ድረስ ሪሊዙን ማርዘም ነው።

የፕለግኢን ምርጫም ለውጥ አለው። ብዙዎቹ የድሮ መሣሪያዎች ቅጂ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው 1176 አታኩ በጣም ሲዘገይ እንኳ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ ቁልፉም ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። በ1960ዎቹ የተሠራው ኤልኤ-2ኤ ግን የአታክም ሆነ የሪሊዝ ቁልፍ የለውም፤ አታኩ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ዜማ ይቀላል። ገንዘብ ለሌለን ለኛ ከሪፐር ሶፍትዌር ጋር አብሮ የሚመጣው ሪያኮምፕ ይበቃል፤ ሁሉም ቁልፍ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆሯችን የጮኸውን ሁሉ ያማረ ያስመስለዋል። እኔን የሸወደኝ ይኸው ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩን አጥፍታችሁና አብርታችሁ ስታወዳድሩ ሁለቱን መጀመሪያ እኩል ጩኸት ላይ አድርጓቸው። እኩል ሆነው ካልተሻለ፣ አልተሻለም ማለት ነው።

አዲሱን ቅጂ ይዤ ዳባት ተመለስኩ። ንፋሱ አሁንም አለ፤ እሱን ማጥፋት አልቻልኩም። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ስልኬ አስጠግተው እየሰሙ ሳለ አንዲት ስንኝ ላይ ሲደርሱ በገዛ ግጥማቸው ሳቁ። አጠገባቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸውም ቅኔው ገብቷት አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ኮምፕሬሰር ስከፍት መጀመሪያ የማየው መርፌውን አይደለም፤ ቃሉ ይሰማል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አትከስሩም። ቸር እንሰንብት።